እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ

«እኔ አልነካሁትም፣ እማማ። ውርጩ ነው የሰበረው» ስትል ሩመይሳን የሰማኋት፣ ፊቴን ሳሙና ቀብቼ ግቢው መሀል ባልዲ ላይ እንዳጎነበስኩ ነው። የደባርቅ የታኅሣሥ ውሃ ጠዋት ፊት ላይ ሲያርፍ ሰው እንኳን የሌላውን ነገር የገዛ ስሙንም ይረሳልና መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት። ኋላ እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ውርጭ ድንች ያቃጥላል እንጂ ጠርሙስ ሲሰብር የት አይተሻል?» ስትል ጊዜ ፊቴን በጋቢዬ ጫፍ ጠራርጌ ወደ ኋላው ክፍል ገባሁ። ዝም ብዬ ብገባ ባልከፋ ነበር። የሚናገር አፍ ይዤ ነው የገባሁት፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የኋላው ክፍል ከቤታችን ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። ፀሐይ የምታገኘው ከቀትር በኋላ ነው። መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ ከውስጥ የእንጨት፣ ከውጭ የቆርቆሮ መዝጊያ አለው፤ በሁለቱ መሀል ዕቃ የሚያስቀምጥ ጠባብ ደፍ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከአባቴ ሱቅ የተረፈ ጣቃ ጨርቅ፣ ሁለት ጆንያ ገብስ፣ አሮጌ ጠረጴዛ፣ ከሠራ ዓመታት ያለፉት ቴሌቪዥንና የሩመይሳ አልጋ አሉ። ሩመይሳ የእህቴ የነሲባ ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለትምህርት ከዛሪማ መጣች፤ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራታለሁ። ቤት ውስጥ «አጎቴ» ትለኛለች፣ ትምህርት ቤት «ቲቸር»። ቆላ ያደገች ልጅ ናትና እንደመጣች ሦስት ካልሲ ደርባ ትተኛ ነበር፤ እኛም እንስቅባት ነበር። በኋላ ግን ብርዱን ማስተዋል ያዘች። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በጣቷ እየፋቀች ታያለች፣ የባልዲውን ስስ በረዶ አንስታ ወደ ብርሃን ትይዛለች። እኛ ተወልደንበት ስለኖርን አናየውም።

የተሰበረው ጠርሙስ እንዲያው ጠርሙስ አይደለም። አባቴ ሐጂ ኸይረዲን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከመካ ሲመለስ በፕላስቲክ ጀሪካን የዘምዘም ውሃ ይዞ መጥቶ ነበር። ለጎረቤቱም፣ ለታመመውም፣ ምጥ ለያዛትም በሲኒ በሲኒ ተሰጥቶ ግማሽ ሊትር ያህል ቀረች። ያችን አባቴ ለራሱ አስቀመጣት፤ ነፍሱ ስትወጣ ምላሱን እንዲያርሱባት፣ የቀረችውን ከፈኑ ላይ እንዲረጩለት። እናቴ ያንን ክፍል ስትጠርግ እንኳን «ቢስሚላህ» ብላ ነው ወደ ጀሪካኑ የምትጠጋው። ባለፈው ዓርብ ውሃው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ ተብሎ ወደ አረንጓዴ ጠርሙስ ተገለበጠ፣ በቡሽ ተደፍኖ በሰም ታሸገ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ይኸው ስብርባሪው መሬት ላይ ነው፣ ሩመይሳም እጇ ርሶ ከበላዩ ቆማለች።

አባቴ መቁጠሪያ ሙስባሃውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሐጂ ጮኾ አያውቅም፤ ሲከፋው ይበልጥ ቀስ ይላል። «ልጄ ሩመይሳ፣ ጠርሙሱ ይሰበር። ውሃውም የአላህ ነው፣ እሱ ሰጠ እሱ ወሰደ። ነክቼው ከእጄ አመለጠኝ ብትይኝ እኮ በቃ ነበር» አላት። ሩመይሳ፣ «ወላሂ ሐጂ አባባ፣ መስኮቱን ስከፍት ተሰንጥቆ ነበር፤ ወዲያው ተበትኖ ወደቀ። በረዶ ነበረበት» አለች። እናቴ ወደ መሬቱ እያመለከተች፣ «የታለ በረዶው? እኔ የማየው ውሃ ነው» አለች። እውነትም የቀረ በረዶ አልነበረም፤ የነበረውም ስስ ሆኖ ከእግራቸው ሥር ቀልጧል። አባቴ እጁን አንስቶ፣ «ተይ፣ በአላህ ስም አትማይ» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «ሙጂብ፣ አንተ ተምረሃል። ጠርሙስ ተቀምጦ በነበረበት ይሰበራል?»

ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል። ካልሲዬን አላገኘሁም። ሰኞ ሰልፍ ላይ የዘገየ መምህር ስሙ ይጻፋል። «ተቀምጦ የሚሰበር ጠርሙስ እኔ አላየሁም» አልኩ። ይችን ብቻ። ሩመይሳ ያን ጊዜ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ እሷ ግን የምትጠብቀው ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ገና ቃሌን ያልጨረስኩ ይመስል፣ ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ ታየኛለች። እኔ ጨርሼ ነበር። ካልሲዬን ከጆንያው ሥር አገኘሁና አነሳሁት።

«አጎትሽ ሰዓድ ድንች ጭኖ ወደ ዛሪማ ሊወርድ ነው። ከእናትሽ ዘንድ ትንሽ ቆዪ» አላት አባቴ። በእኛ ቤት «ትንሽ» ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሱቁን ሠራተኛም «ትንሽ ዕረፍ» ብሎ ነው ያሰናበተው፤ ይኸው አራት ዓመቱ ነው፣ እያረፈ ነው። ሩመይሳ አልተከራከረችም። ዛሪማ ውስጥ የሚጠብቃትን ታውቃለች፤ የዕድሜ እኩዮቿ ሁለቱ አግብተዋል፣ አንዷ መንገድ ዳር ሻይ ትሸጣለች፣ እሷ ብቻ ነበረች ለዩኒቨርሲቲ የምትታሰበው። በታኅሣሥ አቋርጣ የሄደች ልጅ ዓመቱን አጣች ማለት ነው። ከዓመቱ ይልቅ ግን «ዋሸች» መባሉ ነው የከበዳት፤ ልብሷን ስታጣጥፍ እጇን አይቼ አውቄያለሁ። አይቼም ወጣሁ።

ሰልፉ ላይ ደረስኩ። ተማሪዎቹ ብርዱን ሽሽት እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ቆመዋል። የሰልፍ አስተናባሪው «ክንድ ርቀት ያዙ» ብሎ ሲጮኽ ሁሉም እጁን ዘርግቶ የጎረቤቱን ትከሻ ነካ፣ ሰልፉም ሰፍቶ ሰፍቶ የኋለኞቹ አጥሩ ጋ ደረሱ። በየሰኞው የማየው ነገር ነው፤ በየሰኞውም ሳላየው አልፋለሁ። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ በር ላይ ካለችው ሴት የአሥራ አምስት ብር ሻይ ቆሜ ጠጣሁ። ባለፈው ዓመት አሥር ነበር። ሻይ ሻጯ ስለ ስኳር ዋጋ፣ እኔ ስለ ውርጩ አወራን፤ የአጎቷ የድንች ማሳ እንዳለ ጠቁሮ ማደሩን ነገረችኝ። «እንዲህ ያለ ውርጭ ከመጣ ስንት ዘመኑ» አለች። እኔም «እውነት ነው» አልኩ። ሰው እንዲህ መልሱን በሻይ እያወራረደ ይውጠዋል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አሥራ አንደኛ ዲ ነው። በዚህ ዓመት ብዙ ክፍለ ጊዜ ስለባከነባቸው ከኤ ክፍል በሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ሩመይሳ ያለችበት ኤ ክፍል ይህን ትምህርት ጨርሶ ባለፈው ማክሰኞ ተፈትኗል፤ አርሜው ገና ያልመለስኩት የፈተና ወረቀታቸው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ሃይድሮጅን ቦንድ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ትርጉሙን አስገለበጥኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት ደብተር አለኝ፣ ሽፋኑ ወልቆ በፕላስተር ተይዟል። እሱን እንኳን አልገልጥም፤ በቃሌ እወጣዋለሁ። ከዚያ በአማርኛ አስረዳሁ። ውሃ ማለት አንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ ነው። ኦክስጅን ስግብግብ ነው፤ በጋራ የያዙትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ እሱ በትንሹ ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በትንሹ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ያ የተራቆተ ሃይድሮጅን ታዲያ የጎረቤቱን ውሃ ኦክስጅን ይጠጋል። ያ መሳሳብ ነው ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው። ደካማ ነው፤ ውሃው ፈሳሽ ሳለ በየቅጽበቱ ይላቀቃል፣ ደግሞ ይያያዛል። ውሃው ሲረጋ ግን እያንዳንዱ አራት ጎረቤቱን ይዞ በያለበት ይቆማል፣ በመሀላቸውም ክፍት ቦታ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በረዶ ከውሃው የሰፋ ቦታ ይወስዳል፤ አሥራ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢረጋ ወደ አሥራ ሁለት ብርጭቆ በረዶ ይወጣዋል። ይህን ሁሉ በነጥብ በነጥብ መስመር ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። ሥዕሌ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ይመሰገናል።

ምሥራቅ የምትባል ልጅ ከመስኮቱ ሥር እጇን አወጣች። ጥያቄ የማታበዛ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ የሚሰፋበት ቦታ ባይኖረውስ?» አለች።

«ቦታማ ያወጣል» አልኳት። «ሞልቶ የተዘጋ ዕቃ ከሆነ፣ ዕቃውን ይሰብርና...»

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ተማሪዎቹ የምጽፍ መስሏቸው እስክሪብቷቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ ያየሁት ግን ያለፈውን ዓርብ ነው። ያንን ጠርሙስ የሞላሁት እኔ ነኝ። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ አንተ ቅዳልኝ ብሎኝ፣ እኔ ስቀዳ እሱ ከጎኔ ቆሞ፣ «እስከ አፉ ሙላው፣ የዘምዘም ውሃ ጎደሎ አይቀመጥም» እያለኝ ነበር። እኔም አየር ከገባው ይበላሻል ብዬ፣ አንዲት ጣት ቦታ ሳልተው ሞልቼ፣ ቡሹን በመዳፌ መትቼ ያስገባሁት፣ ሰሙን በሻማ አቅልጬ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። ከዚያም በቤቱ ሙሉ ለክብሩ የሚመጥን ቦታ ፈልጌ፣ እግር የማይደርስበት፣ ሙቀት የማያገኘው ብዬ፣ የቆርቆሮው መዝጊያ ጥግ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጠዋት ደግሞ የተማረ ሰው ሆኜ ተጠየቅሁ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወጣሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ የባዮሎጂውን ሀብተ ሚካኤልን አገኘሁትና ቀጣዩን ክፍል ያዝልኝ አልኩት። «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለኝ ደንግጦ። «ጠርሙስ ተሰበረ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ኋላ ፊቴን አይቶ ጠመኔውን ተቀበለኝ። በባጃጅ ድንች ወደሚጫንበት ሄድኩ፤ ነጂው ነዳጅ ጠፍቷል ብሎ ሰማንያ ብር ተናገረኝ፣ አልተከራከርኩም። የወንድሜ የሰዓድ አይሱዙ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ የድንች አፈርና የተቀደደ ጆንያ ብቻ ነው ያለው። ጫኚዎቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መንቀሳቀሱን ነገሩኝ። አንደኛው «ልጅቱንም ጋቢና አስገብቷታል፣ እያለቀሰች ነበር» አለኝ። ስልክ ደወልኩ፤ ሰዓድ ሊማሊሞን እየወረደ ስለነበረ መስመር የለውም። ደግሜ ደወልኩ። ሴትዮዋ ደንበኛው ሊገኝ እንደማይችል በሁለት ቋንቋ ነገረችኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ብቻዋን ናት። የጠርሙሱን ስብርባሪ አልጣለችውም፤ የዘምዘም ዕቃ ነው፣ ቆሻሻ ላይ አይጣልም ብላ ነጭ ሳህን ላይ ሰብስባ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ውሃውን ያደረቀችበትን ነጠላም እግር የማይደርስበት ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። ሳህኑን ገለጥኩና ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አጋጠምኩት። መቀመጫው ደህና ነው። ጎኑ ከላይ እስከ ታች በረጅሙ ተተርትሯል። አንገቱ ግን ሳይነካ፣ ቡሹ እንደተደፈነ፣ ሰሙ እንደታሸገ አለ። በሰሙ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እንኳን ይታያል። እናቴ ከጎኔ ቆማ ስታይ ስታይ ቆይታ፣ «አልተከፈተም እንዴ?» አለች። «ማንም አልከፈተውም፣ ማንም አልጣለውም። ውሃው ረግቶ ነው የሰበረው፣ እማ» አልኳት። የገብሱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «ጠዋት እጇን ይዤያት ነበር። እጇ እኮ በረዶ ነበር» አለች። ውጭ ንፋሱ የቆርቆሮውን መዝጊያ ያንገላታዋል፤ የሩመይሳ ዩኒፎርም የተሰቀለበት ምስማር ባዶውን ነው።

አባቴ ከዙሁር ሶላት በኋላ ለምሳ መጣ። ምሳው እዚያው የኋላው ክፍል ቀርቦ ቀዘቀዘ። እኔ የተሰበረውን ጠርሙስ ፊቱ አድርጌ ላስረዳው ጀመርኩ፤ ሞለኪውል አልኩ፣ ኦክስጅን አልኩ፣ መሳሳብ አልኩ፣ ያንን ጥሩ የሚባለውን ሥዕሌን ወረቀት ላይ ሣልኩለት። አባቴ በትዕግሥት ሰማኝ፣ የማይገዛውን ጨርቅ እንደሚያሳዩት ደንበኛ። ስጨርስ ሥዕሉን ወደ እኔ ገፋው። «እኔ ይህንን አልተማርኩም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ልጅቱ እውነት ነው የተናገረችው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንተ ይህን ነገር መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«ታዲያ ጠዋት የት ሄዶብህ ነው?» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። የጠፋ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው በእርጋታ፣ እውነት መልሱን ለማወቅ ነው የጠየቀኝ። እውቀት እንደ ክት ልብስ ሰሌዳ ፊት ብቻ የሚለበስ መስሎኝ ኖሬያለሁ ብዬው ቢሆን ኖሮ እውነቱን በተናገርኩ ነበር። «አላውቅም» አልኩት። አባቴ እጁን ሳህኑ ላይ አሳርፎ የጠርሙሱን አንገት ነካ፣ ሰሙን ነካ። «እስከ አፉ ሙላው ያልኩህም እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ፤ የዐሱር ሰዓት ግን ገና ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የነሲባ ስልክ ሠራ። እህቴ ሰላምታ አላበዛችም። ዛሪማ ላይ ሙቀቱ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል እል ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ ሙቀቱ አልነበረም። «ልጄን ምን አድርጋችኋት ነው የላካችኋት?» አለች። «ከመኪና እንደወረደች ዩኒፎርሟን አውጥታ ለታናሿ ለካቻት። ይበቃሻል አለቻት።» ስልኩን ለሩመይሳ ስጪልኝ አልኳት። ብዙ ቆየ። ከወዲያ የመኪና ጥሩንባ፣ የፍየል ድምፅ፣ የነሲባ ልመና ይሰማል። በመጨረሻ ትንፋሿ መጣ።

«ሩመይሳ፣ ውርጩ ነው የሰበረው» አልኳት። ሌላ መነሻ አጣሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

«እኔ ነኝ አስታውሼ መናገር የነበረብኝ። ጠዋት...»

«ቲቸር ያውቀዋል ብዬ ነበር» አለች። «ፈተናው ላይ ጽፌው ስለነበረ። አንብቦታል ብዬ።»

በስልክ፣ ከእናቷ ቤት ሆና፣ «ቲቸር» አለችኝ። አባቴ እጁን ዘረጋና ስልኩን ሰጠሁት። ስልኩን እንደ ሽማግሌዎች ሁሉ ከጆሮው ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰማን። «ሩመይሳ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። አፉ በይኝ» አላት። አባቴን ከልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ በዕድሜዬ አልሰማሁትም። «አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ አባባ» አለች ወዲያው። «አላህ ይውደድሽ። ነገ ራሴ መጥቼ ይዤሽ እመለሳለሁ።» ፍየሏ ደግማ ጮኸች። «ሐጂ አባባ፣ አይድከሙ» አለች በመጨረሻ። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው እምቢ የሚባለው እንዲህ ነው። አባቴም ገብቶታል፤ ስልኩን ሲመልስልኝ እጄን ሳያገኝ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጠው።

ቦርሳዬን ከፍቼ የኤ ክፍልን ወረቀት አወጣሁ። ሰባ ሁለት ወረቀት ነው፤ የእሷ ከመሀል ነበር። አባቴ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ፈተናዋ ነው» አልኩት። «አንብብልኝ» አለና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ እናቴም ከጓዳ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ጥያቄ ሰባት፣ በረዶ ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል ይላል፣ አምስት ነጥብ የሚይዝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ የእኔን የደብተር ትርጉም በእንግሊዝኛ ገልብጠው አምስታቸውን ወስደዋል። ሩመይሳ እስከ ሁለተኛው መስመር በእንግሊዝኛ ሞክራ፣ ሰርዛ፣ በአማርኛ ጽፋለች። ሐሙስ ዕለት ሳርመው የአማርኛውን ፊደል እንዳየሁ ነው ያቆምኩት፣ አንድም ቃል አላነበብኩም። አሁን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት።

«ፈሳሽ ውሃ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደምንቆመው ነው። ተገፋፍተን፣ ተጠጋግተን፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ሆነን እንቆማለን። ሲበርድ ግን ክንድ ርቀት ያዙ እንደተባለ ይሆናል። ሁሉም ጎረቤቱን ይይዛል። ስንያያዝ የተቀራረብን ይመስላል እንጂ በመሀላችን ክፍት ቦታ ይበዛል፣ ሰልፉም ሰፍቶ አጥሩን ይነካል። ስለዚህ በረዶ ሰፊ ነው፣ ለቦታው ሲታይ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ዕቃው እስከ አፉ ሞልቶ ከተዘጋ መሄጃ ስለሚያጣ ዕቃውን ይሰብረዋል። ደባርቅ ውስጥ ጠርሙስ ሲሞላ ትንሽ ማጉደል ጥሩ ነው።»

ሐሙስ አረምኩት። ዓርብ ጠርሙሱን ሞላሁት።

አባቴ ተነሳ። ሁለት እጁን ወደ ግራና ቀኝ ዘረጋ፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንዱ እጁ የሱቁን ጣቃ ሌላው ግድግዳውን ነካ። እንዲያ እንደተዘረጋ መሬቱን እያየ ጥቂት ቆመ። «አሃ» አለ። «ይሰፋል። ገባኝ።» እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ተማሪ ፊት ላይ አላየሁትም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ ጽሑፉን በጣቱ ተከተለ፣ መጨረሻው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ዜሮ ነው፣ አባባ።»

«ለምን?»

«በእንግሊዝኛ መመለስ ስለነበረባት ነው።»

እናቴ ከበሩ ላይ «ዋይ» አለች፣ በቀስታ። ከደረት ኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁና ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ፤ ዜሮውን ሰርዤ አምስት ላደርገው ነበር። አባቴ ወረቀቱን አራት አጠፈው። «ተወው። ነገ ስወርድ እንዳለ ነው የምይዝላት» አለና ኮቱን ገልጦ በውስጠኛው ኪሱ፣ ሙስባሃውን በሚያኖርበት በኩል ከተተው። ከዚያ ለዐሱር ተነሳ። ቀይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።